አስር ቀን አይበቃም፦ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ስለሚያስተምሩ መምህራን ሥልጠና የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የመምህራንን ሥልጠና ለምታቅዱ፣ በጀት ለምትመድቡ፣ ምደባና ዝውውር ላይ ለምትፈርሙ ኃላፊዎች፤ እንዲሁም ልጆቻችሁን አምናችሁ ወደ እኛ ለምትልኩ ወላጆች፤

ጉዳዩ፦ ከማስተማር ዘዴው በፊት ቋንቋውን እንድንማር ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ግቢያችን ውስጥ መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ልዩ ክፍል አለ። እዚያ ሳስተምር ዘንድሮ አስራ አንደኛ ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ሁለተኛ ክፍል ነበር የማስተምረው። አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠሩኝና «ልዩ ክፍል ሰው ጎድሎናል፤ ሥልጠና ትወስጂና ትገቢበታለሽ» አሉኝ። እሺ አልኩ።

ሥልጠናው አስር ቀን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ስለ አካል ጉዳተኝነት ምንነት፣ ስለ አካቶ ትምህርት (አካል ጉዳተኛ ልጆች ከሌሎች ልጆች ጋር ስለሚማሩበት አሠራር) እና ስለ ፖሊሲ በፓወር ፖይንት ተነገረን። በቀሩት ቀናት የጣት ፊደል ተማርን። ሰላምታ፣ ቤተሰብ፣ ቀለማት፣ ምግብና የሳምንቱን ቀናት በምልክት ተለማመድን። አሠልጣኞቹ ደጎች ነበሩ፤ የሚችሉትን ሰጥተውናል። ሁሉም ግን ሰሚዎች ነበሩ። በአስረኛው ቀን ፎቶ ተነሳን፣ ሰርተፍኬት ተሰጠን፣ አበላችንን ፈርመን ወሰድን። ሰኞ ጠዋት አስራ አራት ልጆች ፊት ቆምኩ።

በዚያው ሳምንት የሆነውን ልንገራችሁ። ስምንት ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ ከመቀመጫዋ ተነስታ መጣችና የጋውኔን እጅጌ ያዘች። እጆቿን አፍጥና የሆነ ነገር አለችኝ። አልገባኝም። ደገመችልኝ። በሁለተኛው «እናት» የሚለውን ምልክት ለየሁት፤ ሥልጠናው ላይ ተምሬዋለሁ። ስለ እናቷ እያወራችኝ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ፈገግ ብዬ ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩላት። ትንሽ አየችኝ። እሷም ነቀነቀችና ሄዳ ተቀመጠች።

በማግስቱ ዘበኛው ጋሼ ጠሩኝ። ልጅቷ አመሻሹ ድረስ በሩ ላይ ተቀምጣ እንደነበር፣ ቆሏቸውን አካፍለዋት እናቷ እስክትመጣ አብረዋት እንደቆዩ ነገሩኝ። የጠየቀችኝ «እናቴ ዛሬ ታመሻለች፤ የት ሆኜ ልጠብቃት?» ነበር። እኔ የሰማሁት አንድ ቃል ነው። ያቺን አንዷን ቃል ባላውቅ ኖሮ ግራ ገብቶኝ ሰው እጠራ ነበር። ያቺን ቃል ማወቄ የገባኝ አስመሰለኝ።

ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ ስነቀንቅ ከረምኩ። ልጆቹም እንደኔው። አስተምሬ ስጨርስ «ገባችሁ?» እላለሁ፤ አስራ አራቱም በእሺታ ይነቀንቃሉ። ፈተና ሲመጣ ወረቀቱ ባዶ ይሆናል። ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም። ሰሚ ሰው ሲያናግራቸው መነቅነቅ እንዳለባቸው ቤት ውስጥ ተምረውታል። ካልነቀነቁ አጎትም፣ አክስትም፣ ጎረቤትም ይበሳጫል። ከነቀነቁ ነገሩ በሰላም ያልፋል። በእኔ ክፍልም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የማያየው ነገር እዚህ ላይ አለ። አንድ የሚሰማ ልጅ አንደኛ ክፍል ሲገባ አማርኛውን፣ ኦሮምኛውን ወይም ጉራግኛውን ይዞ ነው። ቋንቋውን እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ፣ ደጅ ሲጫወት፣ ቡና ሲፈላ እየሰማ ጨርሶታል። መምህሩ የሚያስተምረው ማንበብና መጻፍ ነው። የእኛ ልጆች ግን አብዛኞቹ የተወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። አሜሪካ አገር በተጠናው መሠረት መስማት ከተሳናቸው ልጆች ከመቶ ከዘጠና በላይ የሚሆኑት ወላጆቻቸው ሰሚዎች ናቸው። የእኛም ክፍል ያው ነበር። ከአስራ አራቱ ልጆች ወላጆቹ መስማት የተሳናቸው አንድ ብቻ ነው። ሌሎቹ ገሚሶቹ ሲወለዱ ጀምሮ፣ ገሚሶቹ በማጅራት ገትር ወይም በሌላ በሽታ መስማት ያቆሙ ናቸው። እናቶቻቸው ይወዷቸዋል፣ ይሳሱላቸዋል። ግን አያወሯቸውም፤ በምን ያውሯቸው? ቤት ውስጥ ራሳቸው የፈጠሯቸው ሃያ ሠላሳ ምልክቶች አሏቸው፤ ብላ፣ ና፣ ተው፣ ተኛ። «ለምን?» የሚል ምልክት የነበረው ቤት አላጋጠመኝም።

እንግዲህ ሰባትና ስምንት ዓመት የሆነው ልጅ ሙሉ ቋንቋ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያገኘው ከማን ነው? ከእኔ ነው። አስር ቀን ከሠለጠንኩት ከእኔ። ከአስራ አራቱ ጎበዝ ማን እንደነበር መገመት አያቅታችሁም። ወላጆቹ መስማት የተሳናቸው ያ ልጅ ነው። ገና ሲመጣ ወሬ ያውቃል፣ ይቀልዳል፣ ይከራከራል፣ «ለምን?» ብሎ ያደርቀኛል። ከሌሎቹ በአእምሮ በልጦ አይደለም። ቤቱ ቋንቋ ስለነበረው ነው።

ስለ ጣት ፊደል ትንሽ ልበል፤ ሥልጠናዎቻችን ሁሉ የሚመኩበት እሱ ነውና። የአማርኛ የጣት ፊደል ግሩም ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ አለው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ሆሄያት ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። «ለ»ም «ሎ»ም ቅርጻቸው አንድ ነው፤ የሚለያቸው እጁ የሚሄድበት መንገድ ነው። እኔም ተለማመድኩና ፈጣን ሆንኩ። ሳይንስ ላይ «ትነት» የሚል ርዕስ ደረሰ። ት፣ ነ፣ ት ብዬ በጣቴ ጻፍኩላቸው። አዩኝ፣ ነቀነቁ። ደግሜ ጻፍኩ። ደግመው ነቀነቁ። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ቆይቶ ነው። የጣት ፊደል አየር ላይ የተጻፈ ጽሕፈት ነው። ማንበብ ላልጀመረና ቃሉን በምንም ቋንቋ ለማያውቅ ልጅ ምንም አይነግረውም። ስም ለመንገር፣ ለአዲስ ቃል ያገለግላል። የቋንቋውን ቦታ ግን አይተካም።

የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ደግሞ አማርኛን በእጅ መናገር አይደለም። የራሱ ሰዋስው አለው። የቃላቱ ቅደም ተከተል የራሱ ነው፤ ፊት ይናገራል፣ ቅንድብ ይናገራል፣ እጅ የቆመበት ቦታ ይናገራል። እኔ የአማርኛ ዓረፍተ ነገሬን ቃል በቃል በእጄ ስደረድር ልጆቹ የሚያዩት የተበታተነ ቃል ነው። ፊቴ ደግሞ እንደ ግድግዳ ደርቋል። ይህን በአስር ቀን መማር አይቻልም። እንግሊዝኛን በአስር ቀን ተምሮ በእንግሊዝኛ ሳይንስ የሚያስተምር ሰው አለ ብትሉኝ አላምናችሁም።

«ከንፈር ያነባሉ እኮ» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እስቲ መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታወጡ «በረረ» በሉ፤ ቀጥሎ «መረረ» በሉ። ከንፈራችሁ አንድ ነው። የበረረው ወፍ ይሁን የመረረው ቡና፣ ልጁ በምን ይለየው? ቋንቋውን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው ከወሬው አውድ ይገምታል። ቋንቋ ያላገኘ ልጅ ከምን ተነስቶ ይገምት?

በመጠኑ ስለሚሰሙት ልጆችም መናገር አለብኝ፤ እነሱ ከሁሉም በላይ ይረሳሉ። ጎረቤት ክፍል፣ ከሚሰሙት ጋር የሚማር አንድ ልጅ ነበር። ጆሮው ላይ የመስሚያ መሣሪያ አለ። መምህሩ «መሣሪያ አለው፤ ሲፈልግ ይሰማል፤ ዝም ብሎ ልቡ ሌላ ቦታ ነው» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ልጁን ጠርቼ መሣሪያውን ከፈትኩት። ክኒን የምታክለው ባትሪ ሞታለች። መቼ እንደሞተች የሚያውቅ የለም። የእነዚህ ባትሪዎች ዕድሜ አንድ ሁለት ሳምንት ነው። ጆሮው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክም ጠቦታል። ልጅ ሲያድግ ጆሮውም ያድጋል፤ ፕላስቲኩ በልኩ ካልተቀየረ ድምፅ ያፈሳል፣ ያፏጫል፤ ልጁ አፍሮ ያጠፋዋል። ልጁ ለወራት ጆሮው ላይ የተንጠለጠለ ጌጥ ይዞ ኖረ ማለት ነው።

ይህን ማረጋገጥ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በየጠዋቱ መሣሪያውን መዳፍ ውስጥ ይዞ መጨበጥ ነው፤ ካፏጨ ባትሪው በሕይወት አለ። ከዚያ ከልጁ ኋላ ቆሞ፣ አፍ ሳያሳዩ፣ ስድስት ድምፆችን ማሰማት ነው፤ ኣ፣ ኡ፣ ኢ፣ ሽ፣ ስ፣ ም። ልጁ የሰማውን ይደግማል ወይም እጁን ያነሳል። እነዚህ ስድስቱ የንግግርን ድምፆች ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ይወክላሉ። «ም»ን ሰምቶ «ስ»ን ካልሰማ የት ጋ እንደሚጎድለው ታውቁታላችሁ። በዓለም ላይ መምህራን ለዓመታት የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ ነው። እኔ ግን የተማርኩት ሥልጠና ላይ አይደለም። ልጅ ይዤ የጆሮ ምርመራ ክፍል በሄድኩበት ቀን አንዲት ባለሙያ ቆም ብላ አሳየችኝ።

መሣሪያው ሁሉንም ድምፅ ያጎላል፤ የመምህሩንም፣ የወንበሩን ሲጢጥታም፣ በመስኮት የሚገባውን «መገናኛ! መገናኛ!» የሚለውን የወያላ ጩኸትም። ስለዚህ ያ ልጅ ፊት መቀመጥ አለበት፤ ከመንገዱም ርቆ። ይህንን ለማወቅ የልዩ ፍላጎት መምህር መሆን አያስፈልግም። ለማንኛውም መምህር የግማሽ ቀን ትምህርት ይበቃዋል።

ልዩ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላ ሌላ ነገር አለ። መስኮት ከኋላዬ ከሆነ ፊቴ ይጠቁራል፤ ልጆቹ አያዩኝም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ ብናገር ለሰሌዳው ነው ያወራሁት። «መጽሐፋችሁን እዩ» ካልኩ በኋላ እጄን ማንቀሳቀስ የለብኝም፤ አንድ ዓይን ሁለት ቦታ አያይም። ወንበሮች እንደ ፈረስ ኮቴ በግማሽ ክብ ካልተደረደሩ ልጆቹ እርስ በርስ ሲያወሩ አይተያዩም። ሰኔ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ መብራት ሲጠፋ ትምህርቱ ይቆማል። ይህን ሁሉ ልጆቹን እያጎደልኩ፣ በእነሱ ኪሳራ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያዎቹ አስራ አራት ልጆች አሁን ትልልቆች ናቸው። ያ ዓመት አይመለስላቸውም።

የአማርኛ መማሪያ መጽሐፉ ራሱ «መምህራችሁ የሚያነቡላችሁን በጥሞና አዳምጡ» እያለ ነው ምዕራፍ የሚከፍተው። ይህን ለእኛ ልጆች እንዴት እንደምንለውጠው የነገረን የለም። ብዙዎቻችን ገጹን ዘለነው እንሄዳለን።

ሁለተኛው ዓመት ላይ አንድ ሰው መጣችልን። ራሷ መስማት የተሳናት ወጣት ናት። በአንድ ፕሮጀክት በኩል ለስድስት ወር በረዳትነት ተመደበች። በመጀመሪያው ቀን ወንበር አልፈለገችም፤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠችና ልጆቹን ዙሪያዋን ሰበሰበች። የጅብና የአህያ ተረት ነገረቻቸው። ጅቡን ስትሆን ትከሻዋ ይጎብጣል፤ አህያዋን ስትሆን ጆሮዎቿ በእጆቿ ይቆማሉ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ሳቁ፣ ከዚያ ጠየቁ፣ ከዚያ «እኔ ልንገር» ብለው ተጋፉ። አንድም ልጅ በእሺታ አልነቀነቀም፤ ያልገባው ልጅ አቋርጧት ይጠይቃል። እኔ የገባኝ ግማሹ ነው። እነዚያን ፊቶች አንድ ዓመት ሙሉ አይቻቸው አላውቅም ነበር።

«ትነት»ንም እሷ ናት ያስተማረችው። እርጥብ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ሰቀሉ፤ ሲደርቅ አዩ፤ ከዚያ ውሃው የት እንደሄደ ሲከራከሩ ቆዩ። ስሙ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ትዝ የሚለኝ ግን ሌላው ነው። መስማት የተሳናቸው ሰዎች እርስ በርስ የሚጠራሩበት የስም ምልክት አላቸው። ስሙን የሚያወጡልህ እነሱ ናቸው። ልጆቹ እኔን ሲጠሩ ጠቋሚ ጣታቸውን አጠፍ አድርገው ግንባራቸው አጠገብ ሁለቴ ከፍ ዝቅ ያደርጉ ነበር። «መምህርት» ማለት ይመስለኝ ነበር። እሷን ጠየቅኳት። ትንሽ አመነታችና ወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ «የምትነቀንቀዋ» ማለት ነው።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ሄጄ አለቀስኩ። በነጋታው ከሥራ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን እንድታስተምረኝ ለመንኳት። ምልክት ቋንቋ የማውቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ስድስት ወሩ ሲያልቅ ፕሮጀክቱ ዘጋ። በቋሚነት እንድትቀጠር ሞከርን። የማስተማር ዲፕሎማ ስለሌላት መደብ የላትም ተባልን። እኔ ግን ዲፕሎማውም አስር ቀኑም ስለነበረኝ መደቡ ነበረኝ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1880 ጣሊያን ሚላን ውስጥ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የሚያስተምሩ ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ከ164ቱ ተሰብሳቢዎች መስማት የተሳነው አንድ ብቻ እንደነበር ይነገራል። ምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት ይውጣ፣ ልጆቹ በንግግር ይማሩ ብለው ወሰኑ። በየአገሩ መስማት የተሳናቸው መምህራን ከሥራ ወጡ። ከዚያ ስብሰባ የቀጠለው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ስህተቱን በይፋ የተቃወመው እ.ኤ.አ. በ2010 ቫንኩቨር ላይ ነው፤ ከ130 ዓመት በኋላ። በዚያው በ2010፣ በእኛ አቆጣጠር 2002 ዓ.ም.፣ አገራችን የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ምልክት ቋንቋ የሚችሉ መምህራን እንዲቀጠሩ ይላል፤ አካል ጉዳተኛ መምህራንንም ጨምሮ። የተፈረመ ነገር ነው። የምጠይቀው አዲስ መብት አይደለም።

አካቶ ትምህርትን እደግፋለሁ። ነገር ግን ምልክት የሚያውቅ አንድ ሰው የሌለበት ስልሳ ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ አንድ መስማት የተሳነው ልጅ አስገብቶ «ተካቷል» ማለት አልችልም። የአካቶ ትምህርት መነሻ የሚባለው እ.ኤ.አ. የ1994ቱ የሳላማንካ መግለጫ ራሱ፣ የእነዚህ ልጆች ተግባቦት የተለየ ስለሆነ በልዩ ትምህርት ቤት ወይም በልዩ ክፍል ቢማሩ ሊሻል እንደሚችል በግልጽ ጽፎታል።

እንግዲህ ልመናዬን ልናገር። መስማት የተሳናቸውን ልጆች ለማስተማር የሚመደብ ሰው ክፍል ከመግባቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ቋንቋውን ይማር። የሚያስተምሩት መስማት የተሳናቸው ሰዎች ይሁኑ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ለማድረግ ሩቅ መሄድ የለብንም፤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ሲሰጥ ከአስር ዓመት በላይ ሆኖታል። ተመራቂዎች አሉ። መስማት የተሳናቸው ሰዎች ማኅበርም አለ። ባለሙያው እያለ ለምን ሰሚ ለሰሚ ያሠለጥናል?

ፈተናውም ይቀየር። «ትክክለኛውን መልስ ክበብ» አይሁን። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ትናንት ቤቱ የሆነውን ለሠልጣኙ ይንገረው፤ ሠልጣኙ የተነገረውን መልሶ ያስረዳ። ከገባው ያልፋል። ካልገባው ይቆይ። ከዚያ በኋላ አንድ ሴሚስተር ልምድ ካለው መምህር ጋር ክፍል ውስጥ ይዋል እንጂ በአዳራሽ አይመረቅ።

ማስተማር የሚችሉ፣ ነገር ግን ወረቀቱ የሌላቸው መስማት የተሳናቸው ወጣቶች እየሠሩ ዲፕሎማቸውን የሚያገኙበት መንገድ ይከፈት። እስከዚያው የረዳት መምህርነት መደብ ይኑር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለወላጆች የምልክት ትምህርት ቢሰጥ ደግሞ ልጆቹ ሲመሽ ወደ ዝምታ አይመለሱም።

አንድ ነገር ብቻ በቁጣ ልጨምር። ከእኔ ጋር የሠለጠኑ አምስት መምህራን ነበሩ። ሁለቱ ራሳቸውን አስተምረው በጣም ጎበዝ ሆነው ነበር። ዛሬ አንደኛዋ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ ታስተምራለች፤ ሌላው ወረዳ ቢሮ ውስጥ ነው። ዝውውሩ ላይ የፈረመው ሰው ስንት ልጆች ያለ ቋንቋ እንደቀሩ አልጠየቀም። እባካችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

መልስ እንድትጽፉልኝ አልጠብቅም። አንድ ጠዋት ግን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ልዩ ክፍል ሂዱ፤ ሳይንስ ባለበት ክፍለ ጊዜ ቢሆን ደስ ይለኛል። ኋላ ተቀመጡና የሚነቀንቁትን ልጆች ቁጠሩ። ስትገቡ በሩን አታንኳኩ፤ የሚሰማችሁ የለም። መብራቱን አንዴ አጥፍታችሁ አብሩት። ሁሉም ዞረው ያዩአችኋል።

ከአክብሮት ጋር
የልዩ ክፍል መምህርት፣ ፒያሳ፣ አዲስ አበባ